ላርቢ ቤን ባሬክ፦ ሁሉም ያጨበጨበለት፣ በመጨረሻ ጠያቂ ያጣው አማካይ



እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከማኅበራችን ወጣቶች ጋር ኳስ እንጫወታለን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጨዋታው አልቆ ጫማ እያወለቅን ሳለ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጥያቄ አነሳ። በጣም ጎበዝ ተጫዋች ብንሆንና ሁለት አገር ቢፈልገን ለየትኛው እንጫወት ነበር? ለተወለድንበት ነው ወይስ ወላጆቻችን ለመጡበት? ሜዳው ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አንዱ ቀድሞ ለጠራኝ አለ። ሌላው ዋንጫ ለሚበላው አለ። አንዷ እህታችን ደግሞ ሁለቱም እስኪጠሩኝ ድረስ አልጨነቅም ብላ አሳቀችን።

እኔ ስለ አንድ ሰው ልነግራቸው ፈለግሁና ስሙን ብጠራ የሚያውቀው ጠፋ። ሮናልዶን፣ ዚዳንን፣ ሐኪሚን የሚያውቁ ልጆች ላርቢ ቤን ባሬክን አያውቁም። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ከአንድ ሞሮኳዊ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የዚያን ቀን በደንብ ጽፌ አመጣላችኋለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ ይኸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወላጅ አልባው የካዛብላንካ ልጅ

ላርቢ የተወለደው በሞሮኮ፣ በካዛብላንካ ከተማ ነው። የልደት ዓመቱን አንዱ መዝገብ 1914 ሲል ሌላው 1917 ይላል። ይህ ለእኛ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን መካከል መታወቂያቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈባቸው ስንት ናቸው? መዝጋቢው ቀኑን ሲጠይቃቸው በሰላም መወለዳቸውን እንጂ ቁጥሩን የያዘላቸው ስላልነበረ ነው። ላርቢም እንደነሱ ነበር። ይህን የዕድሜ ነገር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ያኔ ሞሮኮ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። በ1912 በፌዝ ከተማ በተፈረመው ውል ሱልጣኑ ዙፋኑ ላይ ቢቆይም አገሪቱን የምታዝዘው ፈረንሳይ ሆነች፤ የሰሜኑ ክፍል ደግሞ ለስፔን ተሰጠ። ካዛብላንካ ትልቅ ወደብ እየተሠራላት በፍጥነት የምታድግ ከተማ ነበረች። ፈረንሳዮቹ በሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ዳር ሲኖሩ፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በጠባብ ሰፈሮች ተጨናንቆ ይኖር ነበር።

ላርቢ ወላጆቹን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። ከድሃ ሰፈር የወጣ ወላጅ አልባ ልጅ ሙያ መያዝ ነበረበትና አናጺ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ከእንጨቱ ሥራ ሲወጣ ግን ኳስ ይጫወት ነበር። ከሰፈር ቡድን ተነስቶ አይዲያል የሚባል የካዛብላንካ ክለብ ገባ፤ ከዚያም በ1930ዎቹ አጋማሽ በከተማዋ ትልቅ ስም የነበረው፣ ፈረንሳዮች ያቋቋሙት ዩኤስ ማሮኬን ወሰደው።

ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር? በዚያ ዘመን ቡድኖች የሚሰለፉት ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። ፊት ለፊት አምስት ሰው ይቆማል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ከአማካዮቹ ኳስ እየተቀበሉ ለአጥቂዎቹ ያደርሳሉ። ላርቢ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ዛሬ ቢሆን አጥቂ አማካይ ወይም 10 ቁጥር እንለዋለን። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ በሁለቱም እግሩ የሚመታ፣ ኳስ ይዞ ቀና ብሎ የሚሄድ፣ በጭንቅላቱም የሚያገባ ተጫዋች ነበር። ጉልበት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ቅልጥፍና ይጎድለዋል፤ ቀልጣፋውም ጉልበት ያጥረዋል። እሱ ሁለቱም ነበረው።

በ1937 የሞሮኮ ምርጥ ቡድን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ብሔራዊ ቡድን ጋር ተጫወተ። ፈረንሳዮቹ ይህን ልጅ በደንብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። በዓመቱ የማርሴይ ክለብ አስፈረመው፤ ላርቢም ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ።

ማርሴይ፣ ከዚያም ኔፕልስ

ማርሴይ እንደ ካዛብላንካ የወደብ ከተማ ናት። ከአልጄሪያ፣ ከጣሊያን፣ ከአርመን፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርባት ስለሆነች አንድ ሞሮኳዊ ወጣት ጭራሽ ባይተዋር የሚሆንባት ቦታ አልነበረችም። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ፣ በ1938/39፣ ማርሴይ በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ የሕዝቡ ዓይን እሱ ላይ ነበር። ጋዜጦቹ «ጥቁሩ ዕንቁ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ብዙ ሰው ይህ ስም የፔሌ ብቻ ይመስለዋል፤ ፔሌ ሳይወለድ በፊት ግን ላርቢ ይጠራበት ነበር። ስሙ ሙገሳ ነው፤ ነገር ግን ከሙገሳው ጋር ቆዳውንም አብሮ የሚያነሳ ሙገሳ ነው። እናንተም እንዲህ ዓይነቱን አመስጋኝ በትምህርት ቤትም በሥራ ቦታም ታውቁታላችሁ።

ማርሴይ ከገባ ጥቂት ወራት ብቻ እንደሆነው ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። ሞሮኮ ያን ጊዜ የራሷ ብሔራዊ ቡድን አልነበራትም። ስለዚህ ያ ልጃችን ያነሳው ምርጫ ለላርቢ ከቶ አልቀረበለትም። ትልቅ መድረክ ላይ መጫወት የፈለገ ሞሮኳዊ የሚለብሰው ማሊያ አንድ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያ ጨዋታው ዲሴምበር 4 ቀን 1938 በኔፕልስ ከተማ ከጣሊያን ጋር ነበር። ይህን ቀን እኛ ኢትዮጵያውያን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ጣሊያን በዚያው ዓመት በጋ የዓለም ዋንጫን የወሰደች አገር ናት። ግን ጨዋታው ከኳስ በላይ ነበር። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል፤ አርበኞቻችን በየጫካው እየተዋጉ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው የጣሊያን ወታደር ብዙው መርከብ የተሳፈረው ከዚችው ከኔፕልስ ወደብ ነው። በዚያው በልግ ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ሰውን በዘር የሚለዩ ሕጎች ያወጣ ነበር። በዚያ ላይ ከጨዋታው አራት ቀን በፊት የጣሊያን ምክር ቤት አባላት ኒስን፣ ኮርሲካንና ቱኒስን ከፈረንሳይ እንድንወስድ ብለው በአዳራሹ ጮኸው ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት አንድ ጥቁር አፍሪካዊ የፈረንሳይን ማሊያ ለብሶ ኔፕልስ ሜዳ ላይ ቆመ። ተመልካቹ በፉጨትና በስድብ ተቀበለው። የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ላርቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደዘመረ እስከ ዛሬ ይተረካል። ጣሊያን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ እሱ ግን አንገቱን ሳይደፋ ወጣ። አገሩን ለያዘችው ለፈረንሳይ መዘመሩን አንዳንዱ ሊወቅስ ይችላል። እኔ ግን የምመለከተው ከፊት ለፊቱ የነበረውን ሕዝብ ነው። ሊያሳፍሩት በቆሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ዝም ማለት አልፈለገም።

ጦርነቱ የወሰደው ዕድሜ

ብዙም ሳይቆይ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ላርቢ ወደ ካዛብላንካ ተመልሶ ለቀድሞ ክለቡ ለዩኤስ ማሮኬን መጫወት ቀጠለ። እስከ 1945 ድረስ እዚያው ቆየ።

ስድስት ዓመት ነው። አንድ ኳስ ተጫዋች እጅግ የሚጠነክርበት ዕድሜ ከ23 እስከ 30 ድረስ ያለው እንደሆነ ይነገራል። ላርቢ በ1914 ከተወለደ ከ25 እስከ 31፣ በ1917 ከተወለደ ደግሞ ከ22 እስከ 28 ያለውን ዕድሜ ጦርነቱ በላበት። በየትኛውም ብትቆጥሩት ምርጡ ጊዜ አልፎበታል። በ1942 እና በ1946 ሊደረግ የነበረው የዓለም ዋንጫም በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። ላርቢ በሕይወቱ አንድም የዓለም ዋንጫ ጨዋታ አልተጫወተም። ዛሬ ስሙ ከታላላቆቹ ጋር በቀላሉ የማይነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ አሮጌ የካዛብላንካ ትውውቅ ረዳው። ሄሌኒዮ ሄሬራ የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ከስፔናዊ ወላጆች በአርጀንቲና ተወልዶ በካዛብላንካ ያደገ፣ ኳስ መጫወትም እዚያው የጀመረ ሰው ነው። በኋላ በ1964 እና በ1965 ከኢንተር ሚላን ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያነሳው ያው ሄሬራ ነው። በ1945 ግን ገና ስም ያላወጣ፣ በፓሪስ ስታድ ፍራንሴ የሚባል የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ የያዘ አሰልጣኝ ነበር። ላርቢ ወደዚያ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደገ። ላርቢም እንደገና የፈረንሳይን ማሊያ ለበሰ።

እዚህ ላይ የሄሬራን ነገር ልብ በሉ። የአንድ ሰፈር ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። አንዱ የስደተኛ ልጅ፣ ሌላው ወላጅ አልባ የአገሬው ልጅ። በባዕድ አገር ሲገናኙ ተረዳዱ። የእኛስ ማኅበር ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ማድሪድ

በ1948 የስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ ላርቢን ገዛው። የተከፈለው ገንዘብ 17 ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ እንደነበር ይነገራል፤ ለዚያ ዘመን የሚያስደነግጥ ዋጋ ነው። የፈረንሳይ ጋዜጦች አንድ የአገር ሀብት የተሸጠ ያህል አዘኑ።

ማድሪድም ለአንድ ሞሮኳዊ ቀላል ቦታ አልነበረችም። ከ1936 እስከ 1939 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል ፍራንኮ በስፔን ሥር ከነበረው የሞሮኮ ክፍል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን አሰልፎ ነበር። ማድሪድ በዚያ ጦርነት ለዓመታት የተከበበች ከተማ ናት። ስለዚህ ብዙ የማድሪድ ሰው ሞሮኳዊ ሲባል የሚታወሰው ወታደር ነበር። ላርቢ በኳሱ ሌላ ትዝታ ሰጣቸው።

በዓመቱ ሄሬራም አትሌቲኮን ሊያሠለጥን መጣ። የካዛብላንካዎቹ ሁለት ሰዎች እንደገና ተገናኙ። ሁንኮሳ፣ ቤን ባሬክ፣ ፔሬዝ ፓያ፣ ስዊድናዊው ካርልሰንና ኤስኩዴሮ የተሰለፉበት የፊት መስመር «የክሪስታል መስመር» ተባለ። አትሌቲኮ በ1949/50 የስፔንን ሊግ ወሰደ፤ በ1950/51ም ደገመው። ከዚያ በኋላ ክለቡ ሌላ የሊግ ዋንጫ ለማየት እስከ 1966 ድረስ ጠብቋል። ላርቢ በስፔን ሊግ ከ110 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ ከ50 በላይ ግብ አገባ። በሠላሳዎቹ ዕድሜው መሆኑን አትርሱ። ዛሬ በዚያ ዕድሜ ያለ አማካይ ስለ ጡረታ ነው የሚጠየቀው።

ታዲያ በእነዚህ ዓመታት፣ እንዲህ ሲያበራ፣ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ረሳው። ሲሸጥ ያዘኑለት ጋዜጦች ነበሩ፤ መራጮቹ ግን ድንበር ከተሻገረ በኋላ አልጠሩትም። ፈረንሳይ ሲጫወት የፈረንሳይ ነበር፤ ስፔን ሲሄድ እንደገና ሞሮኳዊ ሆነ። እሱ ያው ራሱ ነው፤ የተለወጠው የሚፈልጉት ሰዎች ፍላጎት ነው።

በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ጨዋታ

በ1953 መጨረሻ ላርቢ ወደ ማርሴይ ተመለሰ። በሜይ 1954 ማርሴይ ለፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በኒስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሁሉም ሰው የላርቢ ነገር እዚህ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1954 ሌሊት በአልጄሪያ ኦርሌአንቪል በተባለችው፣ ዛሬ ሽለፍ በምትባለው ከተማ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ለተጎጂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ኦክቶበር 7 ቀን በፓሪስ አንድ ጨዋታ ተዘጋጀ። በአንድ በኩል የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን፣ በሌላ በኩል ከሞሮኮ፣ ከአልጄሪያና ከቱኒዚያ የተውጣጣ የሰሜን አፍሪካ ቡድን። ላርቢ ለሰሜን አፍሪካ ተሰለፈ። የሰሜን አፍሪካው ቡድን 3 ለ 2 አሸነፈ።

ይህን ጨዋታ በዘመኑ ዓይን እዩት። የሞሮኮው ሱልጣን መሐመድ አምስተኛ በፈረንሳይ ከዙፋናቸው ወርደው በማዳጋስካር በግዞት ላይ ናቸው። የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ተኩል ነው የቀረው። በዚህ መሐል በፓሪስ እምብርት፣ በፓርክ ደ ፕራንስ፣ የሰሜን አፍሪካ ልጆች ፈረንሳይን አሸነፉ። የተሰበሰቡት ወገናቸው በፍርስራሽ ሥር ስለሞተ ነው። ሜዳው ላይ የታየው ግን ከዚያም በላይ ነበር።

ላርቢ በዚያ ምሽት እንዲህ አድርጎ ስለተጫወተ መራጮቹ ማየት ግድ ሆነባቸው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 16፣ ፈረንሳይ በጀርመን ሃኖቨር ከምዕራብ ጀርመን ጋር ስትጫወት ላርቢ የፈረንሳይን ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገባ። አሁን ወደ ልደት ዓመቱ እንመለስ። አንደኛው መዝገብ ትክክል ከሆነ ያን ቀን የ40 ዓመት ሰው ነበር፤ ሁለተኛው ትክክል ከሆነ 37። ምዕራብ ጀርመን ከሦስት ወር በፊት የዓለም ዋንጫን ወስዳለች። የመጀመሪያ ጨዋታው በዓለም ሻምፒዮኗ በጣሊያን ሜዳ ነበር፤ የመጨረሻውም በዓለም ሻምፒዮኗ በጀርመን ሜዳ ሆነ። በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። ፈረንሳይ 3 ለ 1 አሸነፈች።

ከኔፕልስ እስከ ሃኖቨር 15 ዓመት ከ10 ወር ነው። በፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨዋታ ከእሱ የረዘመ ዘመን ያለው የለም። የተጫወታቸው ጨዋታዎች ግን 17 ብቻ ናቸው፤ ያገባቸው ግቦች 3። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ቁጥር ሳይ የሚጎድለውን መፈለግ ልማዴ ነው። 16 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ 17 ጨዋታ ማለት በዓመት አንድ ማለት ነው። የጎደለውን ከፊሉን ጦርነቱ ወሰደው። ከፊሉን ግን ያልጠሩት ሰዎች ናቸው የወሰዱት።

ወደ ቤት

ከማርሴይ በኋላ ላርቢ ወደ አልጄሪያ ሄዶ በሲዲ ቤል አቤስ ከተማ ጥቂት ተጫወተ። በማርች 1956 ሞሮኮ ነጻነቷን አገኘች። በ1957 የሞሮኮ ብሔራዊ ቡድን በቤሩት በተደረገው የዐረብ አገሮች ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። የነጻይቱ ሞሮኮ የመጀመሪያ አሰልጣኝ ላርቢ ቤን ባሬክ ነበር። የአገሩን ማሊያ ለብሶ ለመጫወት ዕድሜው አልፎ ነበር፤ ለሚለብሱት ልጆች መንገድ ማሳየት ግን ደረሰለት።

እዚህ ላይ ለወላጆቻችሁ የምትነግሩት ነገር ልስጣችሁ። ሞሮኮ የአፍሪካ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳችው በእኛ አገር ነው፤ በ1976፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 1968፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ። በዕድሜ የገፉ አባቶቻችንን ጠይቋቸው፤ ስታዲየም ገብቶ ያየ ወይም በሬዲዮ ያዳመጠ አይጠፋም። ላርቢ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። እሱ የጀመረው ቡድን የአህጉሩን ዋንጫ ሲያነሳ ለማየት በቅቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። የዛሬ ተጫዋቾች የሚያገኙት ገንዘብ በእሱ ዘመን አልነበረም። በካዛብላንካ ኖረ፤ ያዩት ሰዎች እያረጁ ሄዱ፤ ያላዩት ወጣቶች ስሙን አልሰሙም። ሴፕቴምበር 1992 እቤቱ ውስጥ ብቻውን ሞተ። መሞቱ የታወቀው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። በማርሴይ፣ በፓሪስና በማድሪድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነስቶ ያጨበጨበለት ሰው፣ በራሱ ከተማ በሩን የሚያንኳኳለት አንድ ሰው አጣ። አላህ ይዘንለት።

በ1998 ፊፋ ከሞተ በኋላ ትልቁን የክብር ሽልማቱን ሰጠው። በካዛብላንካም በስሙ የተጠራ ስታዲየም አለ። ክብሩ ይገባዋል። ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ከመጣ ኒሻን ይልቅ፣ በዚያ ሴፕቴምበር ማለዳ አንድ የጎረቤት ልጅ ዳቦ ይዞ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳለት ይሻለው ነበር።

ለእኛ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ለየትኛው አገር እንጫወት?

ዛሬ ምርጫው አለ። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ አራተኛ የወጣው የሞሮኮ ቡድን ከ26ቱ ተጫዋቾች 14ቱ ከሞሮኮ ውጪ የተወለዱ ነበሩ። አሽራፍ ሐኪሚ የተወለደው ላርቢ ሁለት ጊዜ ሊግ በወሰደባት በማድሪድ ነው። አማካዩ ሶፊያን አምራባት የተወለደው ሆላንድ ነው። እነሱ የወላጆቻቸውን አገር መረጡ። ሌሎች የተወለዱበትን ይመርጣሉ። ሁለቱም ነውር የለበትም፤ ላርቢ ለማግኘት ያልታደለውን ዕድል ነው የሚጠቀሙበት።

ከላርቢ ሕይወት እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። አንድ አገር፣ አንድ ቡድን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ዛሬ የእኛ ነህ ሊላችሁ ይችላል፤ ጥሩ እስከሠራችሁ ድረስ። ነገ ሊረሳችሁም ይችላል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ መልሶ ሊጠራችሁ። ላርቢ ተጠራ፣ ተረሳ፣ እንደገና ተጠራ። በሦስቱም ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ኳሱን በደንብ ተጫወተ። ዋጋውን የሚወስነው ጠሪው ቢሆን ኖሮ ማድሪድ ላይ ባከተመለት ነበር። እናንተም የሚፈልጋችሁ ሰው መብዛቱንና ማነሱን እያያችሁ ራሳችሁን አትመዝኑ።

ሁለተኛው ትምህርት ከእናንተ ይልቅ ለእኛ ለሁላችን ነው። ማጨብጨብና መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማኅበራችን ውስጥ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት መጥተው ይህን መስጊድ በኪራይ ምድር ቤት የጀመሩ፣ አዲስ የመጣውን ሰው ከአየር ማረፊያ ተቀብለው ያሳደሩ አባቶችና እናቶች አሉ። በዒድ ቀን ስማቸውን በማይክሮፎን ጠርተን እናመሰግናቸዋለን። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ሄደው፣ የትዳር ጓደኛቸው ሞቶ፣ ብቻቸውን በአፓርታማ ይኖራሉ። ባለፈው ረቡዕ በራቸውን ማን አንኳኳ?

ስለዚህ እሁድ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ኢንሻአላህ፣ ጫማችንን ቀይረን ሁለት ሁለት ሆነን አንድ አንድ ሰው እንጠይቃለን። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሻይ አብረን እንጠጣለን፤ መድኃኒት የሚያመጣላቸው ካስፈለገ እናመጣለን፤ ስልካቸውን ማስተካከል ካቃታቸው እናስተካክላለን። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችን ደግሞ የ68ቱን የአፍሪካ ዋንጫ እንዲያጫውቱን እንጠይቃቸዋለን። መምጣት የሚፈልግ ሜዳው ላይ ያግኘኝ፤ ኳስ መቻል ግዴታ አይደለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም።